በፀረ ዘረኝነት ኮንሰርት ላይ በበጎ ፈቃድ ለምትሠሩ ወገኖች የተጻፈ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ የተጻፈው በእንግሊዝ አገር ለምትኖሩና በመጪው በጋ በፀረ ዘረኝነት ኮንሰርት ላይ ለመሥራት ስማችሁን ላስመዘገባችሁ ወይም ለማስመዝገብ ለምታስቡ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው። ብዙዎቻችሁ በቤተ ክርስቲያን በዓል፣ በመውሊድ፣ በእድር ዝግጅት ወይም በእግር ኳስ ውድድር ላይ እንግዳ ተቀብላችሁ፣ ወንበር ተሸክማችሁ፣ ሰልፍ አስተናብራችሁ ታውቃላችሁ። ያ ልምድ ይጠቅማችኋል። እዚህ የምትቀበሉት ሰው ግን አብዛኛው የማታውቁት፣ ቋንቋችሁን የማይናገር፣ ምናልባትም በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ የተሰደበ ወይም በሥራ ቦታው የተገፋ ሰው ነው። ወደ ሜዳው የመጣው ቢያንስ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ማንም በቆዳው ወይም በአነጋገሩ እንደማይመዝነው ቃል ተገብቶለት ነው። መድረክ ላይ ለሚባለው ሁሉም ያጨበጭባል። ቃሉ መጠበቁን የሚያየው ግን በሩን ሲያልፍ፣ የሽንት ቤት ወረፋ ሲይዝ፣ መንገድ ሲጠይቅ ነው፤ በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ደግሞ የሚያገኘው እናንተን ነው።

ታሪኩን ሳታውቁ የበጎ ፈቃድ ሠራተኛውን ሰደርያ አትልበሱ

«ይሄ ነገር ምንድን ነው? ለምን ተዘጋጀ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው አይጠፋም። የምትመልሱለት ነገር ይኑራችሁ።

በኦገስት 1976 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን በርሚንግሃም ውስጥ መድረክ ላይ ሰክሮ የውጭ ሰዎች ከእንግሊዝ ይውጡ አለ፤ ስደተኛን በመጥላት የታወቀውን ፖለቲከኛ ኢኖክ ፓውልንም አሞገሰ። ክላፕተን እንጀራውን የበላው በጥቁሮች ብሉዝ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በአሜሪካ አንደኛ ያወጣውም የቦብ ማርሌይ ዘፈን ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሬድ ሳውንደርስና ጓደኞቹ ተቆጥተው ለሙዚቃ ጋዜጦች ደብዳቤ ጻፉ፣ ከእኛ ጋር የሚቆም ይምጣ አሉ፣ ሰውም መጣ። ሮክ አጌንስት ሬሲዝም የተባለው እንቅስቃሴ የተወለደው እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ዝግጅቱ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ በምሥራቅ ለንደን ፎረስት ጌት፣ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ተደረገ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1978፣ ወደ 80,000 የሚገመት ሕዝብ ከትራፋልጋር አደባባይ ተነስቶ በእግሩ ቪክቶሪያ ፓርክ ገባ። ክላሽ፣ ስቲል ፐልስ፣ ኤክስ ሬይ ስፔክስና ቶም ሮቢንሰን ባንድ ተጫወቱለት። ናሽናል ፍሮንት የተባለው የዘመኑ ዘረኛ ፓርቲ መሪዎች ፊት በትልልቅ የወረቀት ጭምብል ተሠርቶ በሰልፉ መሐል ይንቀሳቀስ ነበር።

የእንቅስቃሴው ብልሃት ቀላል ነበር። የነጭ ወጣቶችን ፓንክና የጥቁር ወጣቶችን ሬጌ አንድ መድረክ ላይ አመጣ። አንዱን ለመስማት የመጣው ሌላውን ቆሞ መስማት ነበረበት። ስብከት ያላቀራረባቸው ሰዎች ወረፋና ላብ አቀራረባቸው።

ይህንንም እወቁ፦ ከቪክቶሪያ ፓርኩ ኮንሰርት በኋላ በአራተኛው ቀን፣ ሜይ 4 ቀን 1978፣ አልታብ አሊ የተባለ የባንግላዴሽ ተወላጅ ወጣት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሄድ በዋይትቻፕል ተገደለ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው መናፈሻ እዚያው አለ፤ አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩት። ኮንሰርት ብቻውን ሰው አያድንም። የ1978ቱ ሕዝብ ግን እዚያው ሜዳ ላይ አልቀረም። በማግስቱ በየሰፈሩ መሰብሰቡን፣ ወረቀት መበተኑን፣ ፍርድ ቤት መቆሙን ቀጠለ። ናሽናል ፍሮንት በ1979ኙ ምርጫ 303 ዕጩዎች አቁሞ አንድም ወንበር ሳያገኝ ቀረ። ለውድቀቱ ከአንድ በላይ ምክንያት አለው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ከምክንያቶቹ አንዱ እነዚያ ወጣቶች መሆናቸውን ግን እኔ አምናለሁ። በ2002 ላቭ ሚዩዚክ ሄት ሬሲዝም የተባለው ድርጅት ያንኑ መንገድ ይዞ ተነሳ።

የሩቅ ታሪክ ከመሰላችሁ ኦገስት 2024ን አስታውሱ። በሮዘረምና በታምዎርዝ ጥገኝነት ጠያቂዎች ባሉበት ሆቴል ላይ ሰዎች እሳት ለቀቁ። የእኛ ልጆች በየከተማው በእንዲህ ዓይነት ሆቴሎች ይኖራሉ፤ ስልካችን ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ነበር። በኦገስት 7 ማታ ደግሞ በዎልተምስቶው በሺዎች የሚቆጠር ሰው መንገዱን ሞልቶ ቆመ፤ ይመጣሉ የተባሉት ዘረኞች ሳይመጡ ቀሩ።

ወረቀታችሁን አስቀድማችሁ አጣሩ

በጥገኝነት ጥያቄ ላይ ያላችሁ ወገኖች ይህን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት። ጥያቄያችሁ ሳይወሰን፣ የሥራ ፈቃድ ካልተሰጣችሁ በቀር፣ ደሞዝ ያለው ሥራ መሥራት አትችሉም፤ ለበጎ አድራጎት ወይም ለመንግሥታዊ ተቋም በበጎ ፈቃድ ማገልገል ግን ትችላላችሁ። የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ ቢተካላችሁ ችግር የለውም። ከዚያ ያለፈ ግን አትቀበሉ። «ደክመሃልና ይችን ሃያ ፓውንድ ያዛት» የሚል ደግ ሰው ሳያውቅ ጉዳት ያመጣባችኋል፤ ክፍያ ከተባለ ነገሩ ሥራ ይሆናል። አዘጋጁ የተመዘገበ በጎ አድራጎት ነው ወይስ ትርፍ የሚያገኝ የኮንሰርት ኩባንያ? ብላችሁ ጠይቁ፤ ኩባንያ ከሆነ ጠበቃችሁን ሳታማክሩ እሺ አትበሉ። የተማሪ ቪዛ ያላችሁም እንዲሁ የትምህርት ቤታችሁን የቪዛ ክፍል አነጋግሩ።

ስማችሁን ስታስመዘግቡ የምትችሏቸውን ቋንቋዎች ሁሉ ጻፉ። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ዓረብኛ፣ ሶማሊኛ፣ ያላችሁን ሁሉ። ልጇ የጠፋባት የሱዳን እናት በዚያ ጩኸት መሐል በቋንቋዋ የሚያናግራት ሰው ማግኘቷ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለሰዓታት መቆም የማትችሉ ከሆነ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አትደብቁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራም ሞልቷል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ያላችሁ የከሰዓቱን ፈረቃ ጠይቁ፤ ቃል ገብታችሁ ከምትቀሩ አስቀድማችሁ መናገሩ ይሻላል። ያልመጣ አንድ ሰው ማለት ክፍት የቀረ በር ነው።

ትጥቅና ስንቅ

ምቹ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ፣ ውኃ። የኦገስት ኮንሰርት ጾመ ፍልሰታ ላይ ሊውል እንደሚችል አትርሱ፤ ለሠራተኛ የሚታደለው ምሳ በርገር ሊሆን ስለሚችል የጾም ምግባችሁን ከቤት ቋጥራችሁ ሂዱ። ሳይበሉ ውሎ ፀሐይ ላይ መቆም ወድቆ ለሌላው ሥራ መሆን ነው።

የጆሮ መድፈኛ ያዙ፤ ይህን በተለይ ለወጣቶች ነው የምለው። በዚህ አገር የሥራ ቦታ ደንብ መሠረት አማካይ የቀን ድምፅ 85 ዴሲቤል ሲደርስ ጆሮን መከለል ግዴታ ነው። ድምፁ በየ3 ዴሲቤሉ ሲጨምር ጆሮ ሳይጎዳ የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 85 ላይ ስምንት ሰዓት ከሆነ 100 ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። የመድረክ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ደግሞ 100 በቀላሉ ይታለፋል። ማታ ቤት ገብታችሁ ጆሯችሁ ጭው ካለ ተጎድቷል፤ ተደጋግሞ የተጎዳ ጆሮም አይመለስም።

የፓርቲ ምልክት፣ የየትኛውም ወገን የጦርነት መፈክር ወይም የሚያጣላ ባንዲራ ያለበት ልብስ አትልበሱ። በሰደርያው ውስጥ ሆናችሁ የምትወክሉት ዝግጅቱን ነው።

በር ላይ

ፊት አትንሱ። ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ግልምጫ የቀኑን ሙሉ ዘፈን ያበላሻል።

ወረፋውን ስታስተናብሩ ዓይናችሁ ማን ላይ እንደሚያርፍ ራሳችሁን ጠብቁ። በለንደን የጥቁር ወጣቶች ሙዚቃ ሲጠረጠር ነው የኖረው። ከ2005 ጀምሮ የከተማይቱ ፖሊስ ለሙዚቃ ዝግጅት የሚያስሞላው 696 የሚባል ቅጽ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሚጫወተው ሙዚቃ ምን ዓይነት እንደሆነና የሚመጣው ታዳሚ ከየትኛው ብሔረሰብ እንደሆነ ሳይቀር ይጠይቅ ነበር። የግራይምና የጋራዥ ሙዚቀኞች ዝግጅታችን የሚሰረዝብን በዚህ ነው እያሉ ለዓመታት ታግለው በ2017 ቅጹ ቀረ። ቅጹ ቢቀርም ልማዱ በሰው ዓይን ውስጥ ይኖራል። ኮፍያ ያጠለቁ አምስት ጥቁር ልጆች ሲመጡ ቲኬታቸውን ሁለት ጊዜ ካያችሁ፣ ከኋላቸው የመጡትንም አምስት ነጭ ልጆች ሁለት ጊዜ እዩ። አለዚያ ሁሉንም አንድ ጊዜ።

ቦርሳ አትፈትሹ፣ ሰው አትዳስሱ፣ ጎትታችሁ አታስወጡ። ያ ፈቃድ ያላቸው የጥበቃ ሠራተኞች ሥራ ነው። የእናንተ ድርሻ ማየት፣ መናገርና መጥራት ነው። ጥበቃው ራሱ አንዱን ለይቶ ሲያጉላላ ካያችሁ እዚያው አትጣሉት፤ ለቡድን መሪያችሁ ወዲያው ንገሩ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ያዙ።

የተጠመቀ ሲክ ኪርፓን የሚባል ትንሽ ጩቤ እንደ ሃይማኖት ግዴታው ይይዛል፤ ሕጉም ለሃይማኖት ምክንያት ይፈቅድለታል። ይህ የሚያጋጥመው ፈታሽ ቢደናገጥ ጩኸት እንዳይነሳ ሰውየውን በአክብሮት ወደ ጎን ጋብዙና ኃላፊ ጥሩ። አዘጋጁ በዚህ ላይ ያለውን መመሪያ በጠዋቱ ገለጻ ላይ ጠይቃችሁ ብትይዙ ደግሞ ምንም ግርግር አይኖርም። መስገጃ ቦታው የት እንደሆነ፣ ጡት ማጥቢያ የት እንዳለ፣ ወደ አካል ጉዳተኞች መመልከቻ በየት እንደሚሄድም እንዲሁ።

ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ሲመጣ ከኋላው ላለው ገፊ አትናገሩ፤ ለራሱ ተናገሩ። ሳትጠይቁ ዊልቸሩን አትግፉ።

«ከየት ነህ?» አትበሉ። እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ የፍቅር ነው፤ ሰውየውን ከዘመድ ለማገናኘት የምንጠይቀው ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ጥቁር ወይም እስያዊ ግን ዕድሜውን በሙሉ ይህን ሲጠየቅ ኖሯል፤ «ለንደን» ብሎ ሲመልስም «አይ፣ በእውነት ከየት ነህ?» ተብሏል። የሰው ፀጉር አትንኩ። ስም ካቃታችሁ «እንዴት ልጥራህ?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ አሳጥራችሁ ሌላ ስም አታውጡለት።

ስለ ራስታዎቹም ልናገር። በእንዲህ ዓይነት ኮንሰርት የዕድሜ ባለጸጋ የሆኑ ራስታፈሪያን መምጣታቸው አይቀርም። በአንድ የደቡብ ለንደን ዝግጅት ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሹራብ ቆብ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ደረቴ ላይ ስሜን በፊደል የጻፍኩበትን ካርድ አይተው ቆሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፊደሎቹን አንድ በአንድ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩላቸው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉኝ። ከኋላዬ ሁለት የእኛው ልጆች ሳቁ። ሰውየው ሳቁን ሰሙ፤ ፊታቸው ላይ የሆነውን አይቻለሁና እንዲደገም አልፈልግም። ስለ ጃንሆይ ያላቸውን እምነት መቀበል አይጠበቅባችሁም። ግን የሬጌ ባንዶቹ የስቲል ፐልስና የሚስቲ ኢን ሩትስ ሰዎች በየመድረኩ ዘረኝነትን ሲቃወሙ ጉልበት የሆናቸው ይኸው ኢትዮጵያን ያማከለ እምነት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ዘርን ከዘር ስለማበላለጥ የተናገሩትን ቦብ ማርሌይ በ1976 «ዋር» በሚለው ዘፈኑ ውስጥ ከሞላ ጎደል እንዳለ አስገብቶታል፤ ያውም ክላፕተን በሰከረበት በዚያው ዓመት። የአገራችን ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ ገብቷል። ስሙን አክብረው ለሚመጡ ሰዎች ቢያንስ ወንበር አቅርቡላቸው።

ስድብ ወይም ጥቃት ሲያጋጥም

ሮጣችሁ ወደ ተሳዳቢው አትሂዱ። መጀመሪያ ወደ ተሰደበው ሂዱ። አጠገቡ ቁሙ፣ ሰላም በሉት፣ ተሳዳቢው በእናንተ ትከሻ እንዲከለል አድርጉ። «ምን ላድርግልህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዳንዱ ፖሊስ ይጠራልኝ ይላል፣ አንዳንዱ ከዚህ ቦታ ዞር ማለት ብቻ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ እጁ እየተንቀጠቀጠ ምንም አልሆንኩም ይላል። ያለውን ተቀበሉ። «ተወው፣ ሰክሮ ነው» አትበሉት። ክላፕተንም ሰክሮ ነበር።

ከዚያ በሬዲዮ ጥሩ። ቦታውን፣ የሆነውን፣ ስንት ሰው እንዳለ በአጭሩ ተናገሩ። ሬዲዮ ላይ አማርኛ አትናገሩ፤ መስመሩን የሚሰማው ሁሉ መረዳት አለበት። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ 999፣ አደጋው ካለፈ 101።

የሰማችሁትን ስድብ እንዳለ ጻፉ። እኛ ጸያፍ ቃል መድገም ነውር ስለሚሆንብን «መጥፎ ነገር ተናገረው» ብለን እናልፋለን፤ ለመርማሪ ያ ምንም አይጠቅመውም። ቃሉን፣ ሰዓቱን፣ የሰውየውን ልብስ፣ አጠገቡ ማን እንደነበረ ጻፉ። እስቲቨን ሎውረንስ የተባለው ወጣት በ1993 በኤልተም አውቶቡስ ሲጠብቅ ከተገደለ በኋላ የፖሊስን ጉድለት የመረመረው የማክፈርሰን ሪፖርት በ1999 አንድ መሠረት ጥሎ አልፏል፤ ተጎጂው ወይም ማንኛውም ሌላ ሰው ድርጊቱ ዘረኛ ነው ብሎ ካመነ እንደ ዘረኛ ድርጊት መመዝገብ አለበት። «ማንኛውም ሌላ ሰው» የተባለው እናንተንም ይጨምራል። ተጎጂው ደንግጦ ዝም ቢልም እናንተ ማስመዝገብ ትችላላችሁ።

ከአጥሩ ውጭ ዘረኞች ተሰብስበው መፈክር ቢያሰሙ ሄዳችሁ አትመልሱላቸው፣ ስልክ አታውጡባቸው። ሰዉን በሌላ በር አስወጡ። የለጠፉት ወረቀት ካለ በጥፍራችሁ አትላጡት፤ ከጀርባው ምላጭ ተደብቆ የሰው እጅ የቆረጠበት ጊዜ አለ። ጓንትና መፋቂያ ጠይቁ።

ሕዝቡ ሲጠብብ

በዲሴምበር 15 ቀን 2022 በብሪክስተን አካዳሚ፣ ናይጄሪያዊው አሳኬ በሚዘፍንበት ምሽት፣ በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ የተጎዱ ሁለት ሰዎች ከቀናት በኋላ ሞቱ። አንደኛዋ ሟች ልትዝናና የመጣች እናት ነበረች፤ ሌላው ሟች ደግሞ በጥበቃ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው። የሆነው አዳራሹ ውስጥ አይደለም፤ በሩ ላይ ነው፤ እናንተ በምትቆሙበት ቦታ።

ሰው እጁን ማንሳት ካቃተው፣ ሕዝቡ ሳይፈልግ እንደ ማዕበል ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ፣ ፊቶች አየር ፍለጋ ወደ ላይ ከተቃኑ፣ ሲዘፍኑ የነበሩት ዝም ካሉ ጊዜ የለም። አንድ ካሬ ሜትር ላይ አምስት ሰው ከቆመ ቦታው አስጊ ሆኗል። «ትንሽ እንጠብቅ» አትበሉ፤ በሬዲዮ ተናገሩ፣ ሙዚቃው እንዲቆም ጠይቁ። ሙዚቃ አስቁማችሁ ምንም ባይገኝ የሚወቅሳችሁ ሰው ቢኖር ይውቀሳችሁ። ከኋላ ያለው ሕዝብ ከፊት የሆነውን ስለማያይ ነው የሚገፋው፤ ስለዚህ ፊት ያሉትን «ወደ ኋላ!» ከማለት ይልቅ ከኋላ ያሉትን አስቁሙ፣ የጎን መውጫ ክፈቱ።

የወደቀ ሰው ካያችሁ ውኃ አትርጩበት፣ ክብሪት አታሽትቱት፣ በዙሪያው ሰው አታከማቹ። የሕክምና ቡድኑን ጥሩ፣ መንገድ አስከፍቱላቸው።

የጠፋ ሕፃን

ስሙንና መልኩን በድምፅ ማጉያ አታስነግሩ፤ ማንም ሰው ስሙን ጠርቶ ሊወስደው ይችላል። ከጎናችሁ ሁለተኛ ሠራተኛ ሳይኖር ከሕፃን ጋር ብቻችሁን አትቆዩ። ካገኛችሁበት ቦታ ቶሎ አትራቁ፤ ወላጅ መጀመሪያ የሚመለሰው ወደዚያው ነው። እናት ወይም አባት ነኝ የሚል ሲመጣ ልጁን ከማሳየታችሁ በፊት የለበሰውን ያስረዳ። ከረሜላና ለስላሳ አትስጡት፤ አለርጂ ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን የጎረቤት ልጅ የሁሉም ልጅ ነውና አቅፎ መሳም ልማድ ነው፤ እዚህ ግን ተንበርክካችሁ በዓይኑ ልክ አናግሩት፣ እጁን ከሰጣችሁ ያዙት።

ስልክና ካሜራ

ቲክቶክ ላይቭ አትክፈቱ። ሰደርያ ለብሳችሁ ደግሞ በፍጹም። ከሕዝቡ መሐል ጉዳዩ ያልተወሰነ ጥገኝነት ጠያቂ አለ፤ ቤተሰቡ በአገር ቤት የሚጠየቅበት አለ፤ ከደብዳቢ ባል የሸሸች ሴት አለች። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ የት እንዳሉ ለሚፈልጋቸው ሁሉ ይነግራል። ፎቶ መነሳት ከፈለጋችሁ እርስ በርሳችሁ ተነሱ፤ ከኋላችሁ የማን ፊት እንዳለ አይታችሁ።

ከሁሉ በፊት የራሳችንን ቤት

ይህን የምጽፈው ወገኖቼን ስለምወድ ነው። የነጭ ዘረኝነት ያስለቅሰናል፤ መልሰን ደግሞ ናይጄሪያዊውንና ጃማይካዊውን እያየን «እነዚህ ጥቁሮች» እንላለን፣ እኛ ሌላ የሆንን ይመስል። ቆዳው ከእኛ የጠቆረውን ወገናችንን በምን ስም ስንጠራው እንደኖርን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሙን እዚህ አልደግመውም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን ከማዕድ አግልለን፣ ልጅ አንሰጥም ብለን፣ ቡዳ ነው ብለን ኖረናል። በአገራችን ባርነት ጨርሶ በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ በአያቶቻችን ዘመን ማለት ነው። በባርነት የተያዙት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ እዚህ ከተማ ውስጥ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፣ አማርኛም ይሰማሉ።

ስለዚህ ሰው አይሰማንም ብላችሁ በአማርኛ ማንንም አትስደቡ፣ አትሳቁበት። ስድቡን ባይሰማ ፊታችሁን ያነባል።

በዝግጅቱ ላይ ኤርትራዊ፣ ትግራዋይ፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ሶማሌ አብራችሁ ልትመደቡ ትችላላችሁ። በመካከላችሁ በቅርቡ ዘመድ የሞተበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት አለ። ስላለፈው ጦርነት በዕረፍት ሰዓት ሻይ ላይ ፍርድ አትስጡ። እርሱት አልልም፤ ሐዘን በትእዛዝ አይረሳም። የስምንት ሰዓት ፈረቃ አብራችሁ ስትቆሙ ግን አንዳችሁ ለአንዳችሁ ውኃ አቀብሉ፣ ሽንት ቤት ሲሄድ ቦታውን ጠብቁለት፣ ማታ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኙት። ከዚያ በላይ መነጋገር ከተቻለ ራሱ ይመጣል።

የቡድን መሪያችሁ ወጣት ሴት ልትሆን ትችላለች፤ ዕድሜዋ ከልጃችሁ ያነሰ ይሆናል። የምትለውን ስሙ። ጋሽዬዎች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። እናንተም ወጣቶች፣ ትልልቆቹ ዕቃ እንዲያነሱ አታድርጓቸው።

ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ

የመጨረሻው ዘፈን ሲጀምር ቦታችሁን ትታችሁ ወደ መድረክ አትሩጡ፤ ብዙ ችግር የሚደርሰው ሰው ሲወጣ ነው። ሬዲዮና ሰደርያ መልሱ። ከአጥሩ ውጭ ያለውንም ቆሻሻ ልቀሙ፤ ያን ሜዳ በማግስቱ ጠዋት ውሻውን ይዞ የሚወጣ ነዋሪ አለ፤ የሚቀጥለው ዓመት ፈቃድ በእሱ ቅሬታ ሊቀር ይችላል።

ያልተሳካውን ነገር ለአዘጋጁ በጽሑፍ ንገሩት። የዊልቸሩ መንገድ ጭቃ ከነበረ፣ የጾም ወይም የሐላል ምግብ ካልነበረ፣ በገለጻው ላይ ፈጥነው ተናግረው ግማሹ ካመለጣችሁ ጻፉ። እንግሊዝኛችሁ ስለተሰባበረ አትፈሩ። በበጎ ፈቃድ የሠራ ሰው ለመናገር መብት አለው፤ ዝም ካለ ግን የሚቀጥለው ዓመት ስህተት ያው ይሆናል።

ለአንድ ጥቃት ምስክር ሆናችሁ የስልክ ቁጥራችሁን ለፖሊስ ከሰጣችሁ፣ የሚደወልላችሁ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩም የማይታይ ይሆናል። እኛ ደግሞ የማናውቀውን ቁጥር አናነሳም። ይህን አንሱ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ በነፃ ይመደብላችኋል፣ አማርኛ በሉ። ፍርድ ቤት ከተጠራችሁ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃችሁ ሂዱ፤ ያ ሰው በዚያን ቀን በር ላይ ሲሰደብ አጠገቡ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ፣ ሌላ ያየ ሰው ላይኖር ይችላል።